የጊዮርጊስ መታጠፊያ ሙግት

ልጄን ለሞት ሊዳርጉት የነበሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ለክፋትም ሥራ ያስፈልጋል፤ እነሱ ሥራ ፈቶች ነበሩ። ይህን የምጽፈው እግዚአብሔር ያደረገልኝን እንዳልረሳ ነው። እነሱ የሚነሡት በነገሩ መሐል ስለነበሩ ብቻ ነው።

በዚያን ዘመን ጧፍ እሠራ ነበር። የጥጥ ፈትል ቤቴ እገምዳለሁ፣ የቀለጠ ሰም ውስጥ እነክራለሁ፣ ሲጠነክር ይዤ ወጥቼ በአራዳ ጊዮርጊስ በር፣ ከግንቡ ሥር ተቀምጬ እሸጣለሁ። ባሌ ነፃነት በተመለሰ በጥቂት ዓመት ሞቶ ነበር። ያሉኝ ጧፌና አንድ ልጄ ናቸው። ሁለቱም አላሳፈሩኝም፤ አንዴ ካልሆነ በቀር። የምናገረው ስለዚያች አንዴ ነው።

ልጄ ከቸርችል ጎዳና ዝቅ ብሎ ባለ ጋራዥ ሞተር ብስክሌት ይጠግን ነበር። የጋራዡ ባለቤት ጦሩ ሲሸነፍ አገሩ ያልተመለሰ ጣሊያን ነው። የሚሸጣቸው ሞተሮች ፈጣን መሆናቸው እንዲታይለት በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእሑድ ቀን፣ ከሌሎች ጋራዦች ጋር ያሽቀዳድማቸዋል። ልጄ ሳምንቱን ሲፈታና ሲገጥም ይሰነብትና የውድድሩ ቀን ይነዳል፤ ደመወዙ ለሁለቱም ነው። ፒያሳ ላለው የግሪክ ጋራዥ የሚነዳው ደግሞ የልጄ እኩያ ነበር፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ በአራዳ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጥ ሙስሊም ነው።

ሁለቱ ጎረምሶች ጓደኛሞች ነበሩ። የአንዱ ሞተር ካንዴላ ሲበላሽ ሌላው ያውሰዋል። በጾም ወራት ያ ልጅ እኔ ቤት ይመጣል። በፍስክ የእኛን ሥጋ እሱ አይበላም፣ የእነሱንም እኛ አንበላም፤ ሽሮ ግን ማንንም አያስቀይምም። ከአንድ ትሪ እየበሉ ስለ ፍሬንና ስለ ቤንዚን ያወራሉ። ወሬው አይገባኝም። ሳቃቸው ግን ይገባኝ ነበር።

ልጄ መሽቀዳደም ሲጀምር ከልክዬው ነበር፤ አልሰማኝም። እንግዲያውስ አንድ ነገር ማልልኝ አልኩት። የውድድሩ መንገድ ከጊዮርጊስ አደባባይ ተነሥቶ በፒያሳ ያልፍና ቸርችል ጎዳናን ወርዶ በጎን በኩል ዞሮ ይመለሳል፤ በየዙሩም በቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ያልፋል።

"በእግርህ ስታልፍ ትሳለም የለ? በሞተርም ስታልፍ አማትብ።"

"እማዬ፣ ነዳጁን የሚሰጠው ቀኝ እጄ እኮ ነው። እሱን ካነሣሁ ፍጥነቱ ይወርዳል።"

"ይውረድ።"

"በግራ ባማትብስ?"

ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ራሱ ሳቀና "እሺ፣ በቀኝ" አለ።

ማለልኝ፤ እንደ ማለውም አደረገ። በየዙሩ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ የሞተሩ ጩኸት ድንገት ወረድ ይላል፣ እጁ ከግንባሩ ወደ ደረቱ ትሄዳለች፣ ከዚያ ጩኸቱ ተመልሶ ይነሣል። አጎንብሼ ጧፍ ስቆጥር እንኳ በጩኸቱ መውረድ እንደተሳለመ አውቅ ነበር። አራዳም ያውቅ ነበር። "ተሳላሚው" የሚል ስም አወጡለት። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ፍጥነት መታጠፊያ ላይ አንድ እጁን ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ። የጠበቀው ጊዮርጊስ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሳይከብድ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሽቀዳደሙ። አሥር ዙር ነበር። ዘጠኙን ዙር ልጄ እየመራ፣ እየተሳለመ አለፈ። ያኛው ልጅ ከኋላው አልተለየም። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ተነሥቼ ቆምኩ። መጡ። መታጠፊያው ጋ ደረሱ። የልጄ ሞተር ጩኸት አልወረደም። ሁለት እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ። እንዳይቀደም ፈርቶ ጊዮርጊስን ዘለለው።

ያኛው ልጅ በግንቡ በኩል ተጠግቶ ገባና ቀደመው። አልነካውም፣ አልገፋውም። ከእኔ እግር ጥቂት ክንድ ርቆ ነው ያለፈው፤ በደንብ አይቻለሁ። ልጄ ተሸነፈ፣ ያውም ሳይሳለም ተሸነፈ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ እዚያው ማለቅ ይችል ነበር።

ልጄ ሞተሩን ሳያጠፋ ሰዎቹ ከበቡት። "ሲያማትብ ቀደመው! እጁን ሲያነሣ ጠብቆ!" ይላሉ። ቀድሞ የጮኸው በአደባባዩ ፊት ሱቅ ያለው ጸጉር አስተካካይ ነው፤ የልጄ ደጋፊዎች አለቃ። የዚያኛው ልጅ ደጋፊዎች አለቃ ደግሞ ከቸርችል ጎዳና ቢሮዎች በአንዱ የሚሠራ ከረባት አሳሪ ጸሐፊ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ በቅሎ ላይ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። ጸሐፊው አውቶቡስ ሲሳፈር ያቅለሸልሸዋል። በሞተር ነገር አገሩን የሚዳኙት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጸጉር ቤቱ ደጃፍ ሌላ ነገር አልተሰማም። እኔ ከምቀመጥበት ይሰማኝ ነበር።

"የሚጸልይ ሰው ከኋላው አይመታም!" ይላል ጸጉር አስተካካዩ።

"ማን መታው? አለፈው እንጂ!"

"መታጠፊያውን ጠብቆ ነዋ! እዚያ ሲደርስ እጁ እንደሚነሣ ያውቃል።"

"ታዲያ ደንቡ የት ላይ ነው፣ የሚያማትብ ሰው አይቀደምም የሚለው? ጊዮርጊስ ራሱ ወርዶ መሪውን ይያዝለት!"

"አፍህን ያዝ! የከረባትህ ቋጠሮ አንጎልህን አንቆታል።"

"ያንተ ምላጭ እንደ ምላስህ ቢሠራ ኖሮ ይኸን ጊዜ ጢሜ ተላጭቶ ነበር።"

ጸሐፊው ጢሙ በግማሽ አረፋ፣ በግማሽ ደረቅ ሆኖ ነበር ይህን የሚለው። እንዲህ እያሉ ይውላሉ። ሲመሽ ወሬውን ይዘውት ውቤ በረሃ ወዳሉት መሸታ ቤቶች ይወርዳሉ፤ ጠዋት ድምፃቸው ሰልሎ ይመለሱና ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለቱም ወገኖች የልጄ እጅ ሲነሣ አይተዋል። አንዱ እጁ ስለተነሣ ግፍ ነው ይላል፤ ሌላው እጁ ቢነሣም ሕግ አይከለክልም ይላል። እጁ ተነሥቷል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ወሬው እየቆየ መሽተት ጀመረ። "ሙስሊም ስለሆነ ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ደጃፍ መርጦ ነው" የሚሉ ተነሡ። በልጁ አባት ሱቅ በር ሲያልፉ "የመታጠፊያ ሌባ!" እያሉ ይጮኻሉ። እነዚህ የጊዮርጊስ ጠበቆች ስንት ዓመት በተቀመጥኩበት በር አንድ ቀን አልገቡም። ገዝተውኝ አያውቁም። ማተባቸውን እንኳ የሚያሳዩት ለጠብ ሸሚዛቸውን ሲከፍቱ ነበር። ያ ልጅ እኔ ቤት መምጣቱን ተወ።

እኔስ? እኔም ዝም አልኩ። ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲወጡ ትከሻዬን እየሳሙ "የታደልሽ፣ ልጅሽ ስለ እምነቱ ተሸነፈ" ይሉኛል። አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። እውነት ለመናገር ወደድኩት። ስለዚህ እነዚያን ሰዎች የናቅኩትን ያህል ራሴንም ንቄያለሁ።

ሐምሌ አለፈ። ወሬው ማለቂያ ሲያጣ ጸጉር አስተካካዩና ጸሐፊው በአንድ ነገር ተስማሙ፤ የተስማሙበትም ነገር ከጠባቸው የባሰ ሆነ። ፒያሳ ባለው ኬክ ቤት ጥዋት ጥዋት የሚቀመጥ ከፍርድ ቤት በጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነበር። እሱ ዳኛ ይሁን፣ ችሎት እናቁም፣ ግፍ ነው ከተባለ ውድድሩ በማግስቱ እሑድ ይደገም አሉ። የጋራዦቹ ባለቤቶች እየሳቁ እሺ አሉ፤ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ሞተር ይሸጣል። ይህ በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ቸርችል ጎዳና በነሐሴ መንገድ አይደለም፣ ወንዝ ነው። ልብ ያለው ሰው መስከረምን ይጠብቃል። እነሱ እስከ መስከረም ወሬው እንዳይበርድባቸው ፈሩ።

ችሎቱ የሚቆምበት ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ጫማውን ሲያስር ጠየቅኩት።

"በመጨረሻው ዙር አማትበሃል?"

እጁ ማሰሪያው ላይ ቀረ።

"አይተሽኛል?"

"ግንቡ ሥር ነበርኩ።"

"ከሞተሩ ሳልወርድ ነው 'ሲያማትብ ቀደመው' ያሉት" አለ። "በልቤ አይደለም አልኩ፤ በአፌ ግን አልወጣም። አንቺም ስትሰሚ ደስ ያለሽ መሰለኝ። ከዚያ ቀኑ ሄደ።"

"ዛሬ ንገራቸው።"

"ዛሬ ብናገር የነገውን ዝናብ ፈርቶ ነው ይሉኛል።"

"ፈርተሃል?"

"እማዬ፣ ቁልቁለቱን አይተሽዋል? ፍሬን አይዝም እኮ። አንዳችን እንወድቃለን።" አንዳችን ያለውን ልብ አልኩት። "ግን ፈሪ ከሚሉኝ ..." ብሎ ተወው። ወጣ።

ነጠላዬን ለበስኩና ተከተልኩት።

ኬክ ቤቱ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳው ገፍተው ችሎት ሠርተዋል። ሽማግሌው ባንኮኒው ጀርባ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። እነዚህም ወጉን ሊጫወቱበት ብለው የጸጉር አስተካካዩን ነጭ ካፖርት ጫፍ ከጸሐፊው ከረባት ጋር ቋጥረውታል። ልጄ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ያኛው ልጅ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ዝናቡ ትከሻውን አርሶታል፣ ግባ ያለውም የለም።

ጸጉር አስተካካዩ "በላ ልበልሃ!" ብሎ ብድግ ሲል ጸሐፊው በአንገቱ ተጎትቶ አብሮ ተነሣ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"ጌታዬ ዳኛ! በታቦቱ ፊት ግፍ ተሠርቷል! ዛሬ፣ በዚህ በተቀደሰ ጾም፣ በእመቤታችን ፍልሰታ፣ እውነት ትውጣ እላለሁ!"

የማኪያቶው አረፋ ገና ከጢሙ ላይ አልደረቀም ነበር። ወተት ነው። በፍልሰታ።

"ምስክር ነኝ" አልኩ ከበሩ።

ሁሉም ዞሩ። ልጄ ቀና አለ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

ሽማግሌው ከወንበሩ ጥቂት ብድግ አለ። "ይግቡ፣ እትዬ። የሚመሰክሩት ለማን ነው?"

"ላየሁት።"

"እናት ለልጇ ትመሰክራለች እንዴ?" አለ ጸሐፊው፣ አንገቱን ከካፖርቱ ጋር እየታገለ።

"ዝም በል አንተ! እናት ናቸው! ወንበር ስጧቸው!" አለ ጸጉር አስተካካዩ። የእሱ ወገን የመጣሁ መስሎታል። ወንበሩ መጣ፤ አልተቀመጥኩም።

"መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ" አልኩ። "በመጨረሻው ዙር ልጄ ሲያማትብ በዓይኑ ያየ ማን ነው? እጁን ያንሣ።"

የጸጉር አስተካካዩ ሰዎች አነሡ። የጸሐፊውም ሰዎች አነሡ። ኬኩን የሚያቀርበው አስተናጋጅ እንኳ አነሣ፤ በውድድሩ ቀን ሥራ ላይ ነበር፣ ከኬክ ቤቱ አልወጣም። እጃቸውን ያላነሡት ልጄ፣ ሽማግሌውና በሩ አጠገብ የቆመው ልጅ ብቻ ናቸው።

"እኔ ከግንቡ ሥር ነበርኩ" አልኩ። "ከእናንተ ሁሉ ቅርብ። እጁ አልተነሣም። ዘጠኙን ዙር የሞተሩ ድምፅ መታጠፊያው ላይ ሲወርድ ሰምታችኋል። በአሥረኛው ወረደ?"

ሲያስታውሱ አየኋቸው። ሁለት ወር ሙሉ ሲጮኹ ማስታወስ የሞከሩት ያን ጊዜ ገና መሆኑ ነው።

"አልወረደም" አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር። እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

ሽማግሌው ወደ ጥጉ ዞረ። "አንተ ልጅ፣ እናትህ ያሉት እውነት ነው?"

ልጄ ተነሣ። "እውነት ነው" አለ። "ለመቅደም ብዬ ተውኩት። እሱ በንጹሕ ቀደመኝ። ያልተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።" የመጨረሻውን የተናገረው ለዳኛው ሳይሆን በሩ አጠገብ ለቆመው ጓደኛው ነበር።

"ታዲያ ጊዮርጊስን ክደህ ነው እኛን ስታሟግት የከረምከው?" ብሎ ጮኸ ጸጉር አስተካካዩ። "ከሃዲ! እኔ ለዚህ ነው ድምፄ የሰለለው?"

"መጀመሪያ ጢምህን ጥረግ" አልኩት።

እጁን ወደ ጢሙ ሰደደ፤ ጣቱ ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ኬክ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። በሕይወቴ ሰው አስቄ አላውቅም ነበር።

ጸሐፊው ደስታው ፈንቅሎት "እኔ ምን አልኩ! ከመጀመሪያው ምን አልኩ!" ማለት ጀመረ።

"አንተም እጅህን አንሥተህ ነበር" አልኩት። እጁን ኪሱ ከተተ።

ሽማግሌው ባንኮኒውን በማንኪያ መታ። "ግፍ የለም፤ ድጋሚም የለም። ችሎቱ ተነሥቷል" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ "እትዬ፣ በእውነተኛው ችሎት በነበርኩበት ዘመን እንደርስዎ ያለ ምስክር ብዙ አላየሁም" አለኝ። ይህን ሰው አልንቀውም። ማኪያቶም አልጠጣም ነበር፤ ፊት ለፊቱ የነበረው ሻይ ነው።

ስወጣ ሁለቱ አሁንም እንደተቋጠሩ ነበሩ። ቋጠሮው በመጓተት ብዛት ጠብቆ አልፈታ ብሏቸዋል። እሱን ትተው እናት በልጇ ላይ የሰጠችው ምስክርነት ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚል አዲስ ሙግት ጀምረዋል። በመንገዱ ማዶ ሆኜም ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሊሽቀዳደሙ በነበረበት ሰዓት፣ ግንቡ ሥር ተጠልዬ መታጠፊያውን አየሁት። ውሃው ጭቃና ጠጠር ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። አንድ ጋሪ መጣ፤ እንደ ሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። ፈረሱ መታጠፊያው ላይ አንሸራተተውና በጉልበቱ ወደቀ። ሰዎች ረድተው አነሡት። እኔ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ።

ቤት ስደርስ ከአጥሩ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ሞተሩ ተፈታቶ ተቀምጧል። ከአጠገቡ አራት እግር ተዘርግቷል። ሁለቱ የልጄ ናቸው።

ሽሮ ሠራሁ። ከአንድ ትሪ በሉ። ልጄ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ያኛውን ልጅ ጠየቅኩት።

"አንተ ከኋላው ነበርክ። እጁ እንዳልተነሣ አይተሃል።"

"አይቻለሁ፣ እማማ።"

"ሌባ ሲሉህ ለምን ዝም አልክ?"

ጉርሻውን ውጦ ጨረሰ። "እሱ ያላለውን እኔ ልበልበት?" አለ። "እርስዎ ይሰማሉ ብዬ ደግሞ ፈራሁ።"

ያን ልጅ ያሳደገችውን እናት ሄጄ አመሰገንኳት። እሷም እኔን። ሌላ አላወራንም።

ልጄ ከንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ስግደቱን ተቀበለ። ጥቂት ጊዜ አራዳ ሳቀበት፤ ከዚያ የሚስቅበት ሌላ አገኘ። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ እንደገና ሊሽቀዳደሙ ሆነ። በዋዜማው ጠራሁት።

"ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ" አልኩት። "መሪህን በሁለት እጅህ ያዝ። አንተ ስታልፍ እኔ አማትብልሃለሁ።"

እንዲሁ አደረግን። እሱ በሁለት እጁ ይዞ ያልፋል፣ እኔ ከግንቡ ሥር ቆሜ አማትባለሁ። ይህን ያየ ሰው ለጸጉር ቤቱ ነገረ፤ እሑዱ ሳይመሽ ሙግቱ ተነሣ። ጸሐፊው አደባባዩ መሐል ቆሞ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ይጮህ ነበር፦

"ለእሱ እናቱ ታማትብለታለች! ለእኛ ልጅ ማን ያማትብለታል? ይሄ ነው እኩል ውድድር?"

ጧፌን ሰብስቤ ተነሣሁ። በየዙሩ ሁለት ጊዜ ነበር የማማትበው፤ አንዱ ለልጄ፣ አንዱ ለእነሱ ልጅ። ልብ ብለው ቢመለከቱ ኖሮ ያዩት ነበር። አልነገርኩትም።